ማታ ጥልፍ ለምትሠሩ፦ አምፖሉን ከመቀየራችሁ በፊት ዝቅ አድርጉት

ይህን የምጽፈው ቀን ሥራ ውሎ ማታ መርፌ ለሚያነሳ ሰው ነው። ጥልፍ ይሁን፣ ዳንቴል ይሁን፣ የተቀደደ ሱሪ መጠገን ይሁን፣ ችግሩ አንድ ነው። ዓይናችሁ እያለቀሰ፣ ግንባራችሁን እየወጋችሁ፣ «ቆይ ይቺን ቅጠል ብቻ ልጨርስ» እያላችሁ የምታመሹ ከሆነ ለእናንተ ነው። እኔ ከዚህ ነገር ጋር ብዙ ታግያለሁ። እናንተ ቶሎ ብትገላገሉ ደስ ይለኛል።

ድሬ ላይ ጥልፍ የማታ ሥራ ነው። ለምን እንደሆነ ለድሬ ልጅ መንገር አያስፈልግም። ለሌላው ግን ልንገር። ቀን ላይ ጣት ያልበዋል፣ ላብ የነካው ክር ይሻክራል፣ ነጭ ጨርቅ ላይ ደግሞ ምልክት ይቀራል። ፀሐይ ዘወር ስትል፣ ግቢው ውሃ ተረጭቶ ምንጣፍ ሲነጠፍ ነው እንግዲህ መርፌ የሚነሳው። ያኔ ነፋሱን እናገኝና ብርሃኑን እናጣለን። እዚህ አገር ፀሐይ ከገባች ጨለማው ቀጠሮ አያከብርም፤ አንድ ሰዓት ሳይሞላ የመርፌ ቀዳዳ አይታይም።

ለቤቴ የትራስ ልብስ ስጠልፍ ምንም ችግር አልነበረብኝም። ዛሬ ካልታየኝ ነገ እላለሁ፣ ማንም አይጠይቀኝም። ነገሩ የመጣው ትዕዛዝ መቀበል ስጀምር ነው። የሐበሻ ቀሚስ ደረትና እጅጌ፣ ቆየት ብሎ ደግሞ የአባያ ጠርዝ። ትዕዛዝ ቀን አለው፤ ቀኑ ሲቀርብ ሌሊቱ ይረዝማል። ጠዋት ስነሳ ዓይኔ አሸዋ የገባበት ይመስለኝ ጀመር። ቀና ስል ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ይደበዝዝብኛል፤ ጥቂት ቆይቶ ይጠራል። አንገቴም ተጣመመ፣ ምክንያቱም ሳላውቀው ወደ ጨርቁ እያጎነበስኩ አፍንጫዬ መርፌውን ሊነካ ደርሷል።

ነቅቼ መፍትሔ መፈለግ የጀመርኩት ግን በራስ ምታቱ አይደለም፣ በቅጠሉ ነው። ለአንዲት ሙሽራ እናት ቀሚስ ደረቱ ላይ ወደ ታች የሚወርድ ሐረግ እየሠራሁ ነበር። መሐል ላይ አረንጓዴው ክር አለቀ። ሌሊት ነው፣ ሱቅ የለም፣ ሣጥኔ ውስጥ ፈልጌ አንድ አረንጓዴ አገኘሁ። ከአምፖሉ ሥር ጎን ለጎን ይዤ አየሁት፣ ቁርጥ እሱ ነው። ቀጠልኩ። እናትየው ሊወስዱ ሲመጡ ቀሚሱን ይዘው ወደ ደጅ ወጡ፣ ዘረጉት፣ ዝም ብለው አዩት። ከዚያ «የኔ ልጅ፣ ይኼ ቅጠል በሽታ ይዞታል እንዴ?» አሉኝ። ከወገቡ በላይ ያለው አረንጓዴ ነው፤ በታች ያለው ወደ ቡናማ የሄደ የደረቀ ቅጠል ነው። ሙሉውን ፈትቼ ደገምኩት። ጨርቁ ላይ የቀረውን ቀዳዳ በእንፋሎት ካውያ እያባበልኩ ስዘጋ እንዴት እንደተናደድኩ አትጠይቁኝ።

በዚያው ንዴት ታይዋን የምንለው የድሬ ገበያ ሄጄ ያገኘሁትን ትልቁን አምፖል ገዛሁ። ብርሃን ከጎደለ ብርሃን መጨመር ነው፣ አይደል? የሳሎኑ ኮርኒስ ላይ ሰቀልነው። አቦ፣ ቤቱ ስታዲየም ሆነ! ጎረቤት ሁሉ ሠርግ አለ ወይ እያለ ይጠይቃል። ጭኔ ላይ ያለው ጨርቅ ግን ያው ነው። እንዲያውም ባሰበት፤ ምክንያቱም መብራቱ ከበላዬና ከኋላዬ ስለሆነ ጎንበስ ባልኩ ቁጥር የራሴ ጭንቅላት ጥላውን መርፌው ላይ ይጥለዋል። ጥላውን ለመሸሽ ዞር እላለሁ፤ ስዞር ደግሞ አምፖሉ በቀጥታ ዓይኔ ውስጥ ይገባል።

እዚህ ላይ ለሞቃት አገር ሰው አንድ ነገር ልጨምር፤ ሌላ ቦታ ሲነገር ሰምቼ ስለማላውቅ ነው። የጣሪያ ቬንትሌተር ካላችሁ፣ አምፖሉም ከቬንትሌተሩ በላይ ከሆነ፣ ክንፉ ብርሃኑን እየቆራረጠ ነው የሚያወርድላችሁ። ዓይን መጀመሪያ አያስተውለውም። ጨርቁ ላይ ግን ብርሃንና ጥላ እየተፈራረቀ ይርገበገባል፣ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ጭንቅላታችሁን ይይዛችኋል። እኔ ለረጅም ጊዜ ራስ ምታቱን ከሙቀቱ ነበር የቆጠርኩት። ቬንትሌተሩን ማጥፋት ድሬ ላይ የማይታሰብ ነው፤ ስለዚህ መብራቱን ከቬንትሌተሩ በታች ማምጣት ነው ያለው አማራጭ።

ትልቁ አምፖል ለምን እንዳልረዳኝ የገባኝ ቆይቶ ነው። ብርሃን ከምንጩ ሲርቅ ቀስ እያለ አይደለም የሚቀንሰው። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ብርሃኑ ወደ ሩብ ይወርዳል። ኮርኒሱ ላይ ያለው አምፖል ከጭናችሁ 2 ሜትር ያህል ይርቃል እንበል። ያንኑ አምፖል ወደ 50 ሳንቲሜትር ብታወርዱት፣ በሒሳቡ ጨርቁ ላይ የሚያርፈው ብርሃን 16 እጥፍ ይሆናል። 16 እጥፍ! ያለ ምንም ተጨማሪ ዋት፣ ያለ ምንም ተጨማሪ የመብራት ሒሳብ። እኔ አምፖሉን ለማሳደግ ነበር የደከምኩት፤ መቅረብ ነበረበት።

ስልክ ላይ በነፃ የሚወርዱ የብርሃን መለኪያ መተግበሪያዎች አሉ፣ አንድ ቦታ ላይ የሚያርፈውን ብርሃን በሉክስ ይለካሉ። በጣም ትክክል ናቸው ለማለት አይደለም፤ ለማነጻጸር ግን ይበቃሉ። ስልኩን ጨርቁ ቦታ ላይ አስተኝታችሁ እዩት። አውሮፓ ውስጥ ለሥራ ቦታ መብራት ባወጡት ደረጃ ለማንበብና ለመጻፍ 500 ሉክስ፣ ለስፌት 750፣ ቀለም ለመለየት 1000፣ የማይታይ ጥገና ለሚሠራ ደግሞ 1500 ሉክስ ነው የሚጠየቀው። የእኔ ስታዲየም ጭኔ ላይ ሲለካ ከ200 በታች ነበር። ቀን ላይ ግቢ ውስጥ ጥላ ሥር ስንቀመጥ ግን ብዙ ሺህ ሉክስ ነው ያለው፤ ቀጥታ የቀትር ፀሐይ ደግሞ እስከ 100,000 ይደርሳል። ቀን ያለ ምንም ችግር የሠራችሁትን ማታ ለምን እንደሚያቅታችሁ ይሄው ነው። ስንፍና አይደለም፣ እርጅናም ላይሆን ይችላል።

እርጅና ካልን አይቀር ወደ ዓይን ልግባ። መብራት ላይ ብር ከማፍሰሳችሁ በፊት ዓይናችሁን ተመርመሩ። ይህን ቅደም ተከተል እኔ ገልብጬ ነው የሄድኩበት። ከ40 ዓመት ወዲያ የዓይን ሌንስ መለጠጥና መኮማተሩን እየተወ ስለሚሄድ የቅርብ ነገር ይደበዝዛል። በሽታ አይደለም፣ ሁሉም ጋ ይመጣል። በዚያ ላይ ዕድሜ ሲጨምር ወደ ዓይን ውስጥ የሚገባው ብርሃን ራሱ ይቀንሳል። የ60 ዓመት ሰው ዓይን ጀርባ የሚደርሰው ብርሃን ከ20 ዓመት ወጣት ጋር ሲነጻጸር ሲሶ ያህል ነው። ስለዚህ ልጃችሁ «እማዬ ምን ሆነሽ ነው፣ ይታያል እኮ!» ብትላችሁ እሷም እውነቷን ነው፣ እናንተም እውነታችሁን ነው።

ምርመራ ስትሄዱ ደግሞ አንድ ሥራ ሠርታችሁ ሂዱ። በምትቀመጡበት አቀማመጥ ሆናችሁ ከዓይናችሁ እስከ ጨርቁ ያለውን ርቀት በስፌት ሜትር አስለኩ። እኔ የተጠየቅኩት የመጀመሪያ ጥያቄ ይኼ ነበር፣ መልስ አልነበረኝም። ለመጽሐፍ የሚሆነው መነጽር ለጥልፍ ላይሆን ይችላል፤ ጥልፍ የሚጠልፍ ሰው ወደ ዓይኑ አስጠግቶ ነው የሚይዘው። መንገድ ዳር የሚሸጡትን መነጽሮች አልነቅፍም፣ ብዙ ሰው ይጠቀምባቸዋል። ግን በሁለቱም ዓይን እኩል ቁጥር ነው ያላቸው፤ የእናንተ ሁለት ዓይኖች ደግሞ እኩል ላይሆኑ ይችላሉ። እይታችሁ በድንገት የቀነሰ ከሆነ፣ ብልጭታ ወይም እንደ መጋረጃ ያለ ጥላ የምታዩ ከሆነ ግን ይኼን ጽሑፍ ተዉትና ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ሂዱ።

መነጽሩ ደብዘዝታውን አጠራልኝ፤ ጥላውን ግን አላነሳልኝም። የጥላው ነገር የተፈታልኝ ሐረር ነው።

ዘመድ ለመጠየቅ ወጥቼ ጁገል ውስጥ መኪና ግርግር ገባሁ። ከፈረስ መጋላ ወደ ግድር መጋላ የሚወርደውን፣ ልብስ ሰፊዎቹ መኪናቸውን በር ላይ ደርድረው የሚሠሩበትን ጠባብ መንገድ ማለቴ ነው። ሁልጊዜ ቀለሙንና ጨርቁን እያየሁ ነበር የማልፈው። የዚያን ቀን ግን አቀማመጣቸውን አየሁ። ፊቱን በቀጥታ ወደ መንገዱ የሰጠ ብዙ የለም፣ ጀርባውንም የሰጠ የለም። አብዛኞቹ በጎናቸው ነው የተቀመጡት። ብርሃኑ ከጎን ገብቶ መርፌው ሥር ያርፋል። አንድ ሽማግሌ ሰፊ ቁልፍ በእጃቸው ሲተክሉ ቆሜ ሳይ «ምን ፈለግሽ ልጄ?» አሉኝ። ችግሬን ነገርኳቸው። በርጩማ ሰጡኝና ቁጭ ስል ትከሻዬን ይዘው አዞሩኝ። «ለብርሃን ጀርባሽን ሰጥተሽ እጅሽ ምን ያይልሻል?» አሉ። ከዚያ መርፌ የምይዝበትን እጅ ጠየቁኝና ብርሃኑን በሌላኛው በኩል አደረጉት። አለቀ። «ሲመሽስ እንዴት ያደርጋሉ አባባ?» ብላቸው «ሲመሽማ እዘጋለሁ» ብለው ሳቁ። እሳቸው ዕድለኛ ናቸው።

ነገሩን በወጉ ላስቀምጠው። በቀኝ እጃችሁ የምትጠልፉ ከሆነ ብርሃኑ ከግራ ይምጣ። ግራኝ ከሆናችሁ ከቀኝ። ያን ጊዜ የእጃችሁ ጥላ ገና ካልሠራችሁት ቦታ ይርቃል። መብራቱ ከትከሻችሁ ትንሽ ወደ ፊት ይሁን፣ ከጨርቁ 40 ወይም 50 ሳንቲሜትር ከፍ ይበል። አምፖሉ ራሱ ለዓይናችሁ መታየት የለበትም፤ ቆብ ያለው መብራት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ቆቡ ከሌለ ካርቶን ቆርጣችሁ ጋርዱት፣ ካርቶኑ ግን ከሚሞቅ አምፖል ጋር አይነካካ። የስፌት መኪና ላይ የምትሠሩ ደግሞ መኪናው ራሱ ላይ ያለችውን ትንሽ መብራት አትናቋት፤ ተቃጥላ ከሆነ አስቀይሯት፣ ከማንኛውም መብራት ይልቅ ለመርፌው ቅርብ እሷ ናት።

አንድ ሰው «እንግዲያው የኮርኒሱን ላጥፋው» ሊል ይችላል። አታጥፉት። ጭናችሁ ላይ ብቻ ብርሃን ኖሮ ክፍሉ ጨለማ ከሆነ ቀና ባላችሁ ቁጥር ዓይናችሁ ከብርሃን ወደ ጨለማ፣ ከጨለማ ወደ ብርሃን ሲመላለስ ይደክማል። የኮርኒሱ ደብዘዝ ብሎ ይብራ፣ የጎኑ ደግሞ ሥራውን ይሥራ።

አሁን ወደ ዕቃው። የገዛሁት ተማሪዎች የሚጠቀሙበትን አንገቱ የሚጠማዘዝ የጠረጴዛ መብራት ነው። ውድ አይደለም። እኔ የምመርጠው አምፖሉ የሚቀየር ዓይነቱን ነው፤ ከውስጡ ጋር አብሮ የተሠራው ኤልኢዲ ሲበላሽ ዕቃው በሙሉ ይጣላል። ጠረጴዛ ላይ ቦታ ከሌላችሁ በመቆንጠጫ የሚያዘው ይሻላል፣ ከወንበር መደገፊያ ጋር ይታሰራል።

አምፖል ስትገዙ ዋቱን ተዉት። ዋት የሚበላው ኤሌክትሪክ ነው እንጂ የሚሰጠው ብርሃን አይደለም። ካርቶኑ ላይ ሉመን የሚለውን ፈልጉ። የድሮው 60 ዋት ቢጫ አምፖል 800 ሉመን ያህል ይሰጥ ነበር፤ ዛሬ 9 ዋት የሚል ኤልኢዲ ያንኑ ይሰጣል። ለጎን መብራት ይኼ ከበቂ በላይ ነው። ቀጥሎ ኬልቪን የሚለው አለ። 2700 ወይም 3000 ቢጫው ነው። 6500 ወደ ሰማያዊ የሚያደላው፣ ሱቆቻችንን የሞላው ነጭ ነው። 4000 መሐለኛው ነው፤ እኔ በዚህ ነው የምሠራው። 6500 ቀን ላይ መጥፎ አይደለም። ሌሊት ግን ለረጅም ሰዓት ያን ነጭ ፊቴ ላይ ካበራሁ እንቅልፍ እምቢ ይለኛል።

የታመመው ቅጠል ምክንያት ግን ኬልቪን አልነበረም። ሲአርአይ የሚባል ሌላ ቁጥር አለ። አምፖሉ ቀለምን ምን ያህል በትክክል እንደሚያሳይ የሚናገር ነው፣ ጣሪያው 100 ነው። ርካሹ አምፖል ብዙውን ጊዜ 80 ወይም ከዚያ በታች ነው፤ ለክር ሥራ 90 እና ከዚያ በላይ ፈልጉ። «ዴይላይት» ተብሎ ስለተጻፈበት እንደ ቀን ብርሃን ቀለም ያሳያል ማለት አይደለም፤ የሚናገረው ስለ ንጣቱ ብቻ ነው። ሁለት ክሮች በተለያየ ማቅለሚያ ተነክረው በአንድ አምፖል ሥር አንድ ሊመስሉ ይችላሉ፤ ፀሐይ ላይ ሲወጡ ይለያያሉ። የእኔ ሁለት አረንጓዴዎች የሆኑት ይኼንኑ ነው። 90 የሚል አምፖል ድሬ ላይ ሁልጊዜ አይገኝም። ካላገኛችሁ አትጨነቁ፣ በዘዴ ይታለፋል። ክር የምመርጠው አሁን ቀን ብቻ ነው፣ ደጅ ወጥቼ፣ ከጨርቁ ጋር ጎን ለጎን። የመረጥኩትን እያንዳንዱን ክር ትንሽ ካርቶን ላይ እጠቀልልና ቁጥሩን እጽፍበታለሁ። እንደ ዲኤምሲ ያሉት ክሮች ወረቀታቸው ላይ ቁጥር አላቸው፤ 310 ብትሉ ጥቁሩ ነው። ወረቀቱን አትጣሉት። ቁጥር የሌለው ክር ከሆነ ደግሞ ለሥራው የሚበቃውን በአንድ ጊዜ ግዙ። ማታ በዓይኔ አላምንም፣ በቁጥሩ ነው የማምነው።

ሱቅ ውስጥ እያላችሁ መብራቱን አስበሩትና የስልካችሁን ካሜራ አስጠግታችሁ እዩት፣ ስሎው ሞሽን ካለው በእሱ ይሁን። ስክሪኑ ላይ ጥቁር መስመሮች የሚሮጡ ከሆነ ወይም ምስሉ የሚርገበገብ ከሆነ ያ አምፖል ራሱን በፍጥነት እያጠፋ የሚያበራ ነው። የእኛ ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ ርካሽ ኤልኢዲ በሰከንድ 100 ጊዜ ሊርገበገብ ይችላል። ዓይን አያየውም፤ ራስ ምታቱ ግን ለብዙ ሰው ይመጣል። ስልክ ከሌላችሁ እስክሪብቶ ከመብራቱ ሥር በፍጥነት ወዲያ ወዲህ አወዛውዙ። አንድ የተዋሃደ ጥላ ሳይሆን የተቆራረጡ ብዙ እስክሪብቶዎች ከታዩ ተዉት። ባለሱቁ ሊስቅባችሁ ይችላል። ይሳቅ።

ጥቁር በጥቁር ላይ ያለው ነገር ለብቻው ይወራ። አባያ ላይ በጥቁር ክር የሚጠለፍ ትዕዛዝ ሲመጣ እኔ ራሴን እስከ መጠየቅ ደርሻለሁ። ጥቁር ጨርቅ የሚያርፍበትን ብርሃን ይውጠዋል፤ ለነጭ የሚበቃው መብራት ለሱ አይበቃም። ጨርቁ ሳሳ ያለ ከሆነ ጭናችሁ ላይ ነጭ አንሶላ አንጥፉና ከላይ አድርጉት፤ በክሮቹ መሐል ያለው ቀዳዳ ነጭ ሆኖ ይታያል፣ መርፌው የት እንደሚገባ ታውቃላችሁ። እንደ ከፋይ ወፍራም ከሆነ ይኼ አይሠራም። ያኔ መብራቱን ዝቅ አድርጋችሁ ከጨርቁ ጋር እኩል ሊሆን ትንሽ እስኪቀረው ድረስ ከጎን አብሩበት። የተጠለፈው ክር ትንሽ ጉብ ስለሚል የራሱን ጥላ ይጥላል፣ በጥላው ታዩታላችሁ። ንድፉን በስባሪ ሳሙና ሣሉት፣ ልብስ ሰፊዎች እንደሚያደርጉት። ከዚህ ሁሉ በኋላ ግን እውነቱን ልንገራችሁ፦ አሁን ጥቁሩን ለጠዋት አስቀርቼዋለሁ። ከ12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ያለው የድሬ ጠዋት ቀዝቃዛ ነው፣ ብርሃኑ ነፃ ነው። ማታ ነጩንና ብሩሁን እሠራለሁ። ደንበኛ ሲቸኩል «ጥቁር ከሆነ ቀን ይጨመርልኝ» እላለሁ፣ ማንም እስካሁን አልተቆጣም።

መብራት ሲሄድስ? ይኼማ የማይቀር ነው። መጀመሪያ ግንባር ላይ የሚታሰረውን ባትሪ ሞከርኩ። ብርሃኑ ከዓይን አቅጣጫ ስለሚመጣ ጥላ የሚባል ነገር የለውም፤ ጥሩ ይመስላል። ችግሩ ጥልፉም አብሮ ጠፍጣፋ ይሆናል፣ የወርቅና የብር ክር ደግሞ መልሶ ዓይን ውስጥ ያንጸባርቃል። የሰፈሩ ነፍሳት ሁሉ ግንባሬ ላይ ስብሰባ መቀመጣቸውን ሳልረሳ። አሁን በዩኤስቢ የሚሠራ ትንሽ የጎን መብራት ከፓወር ባንክ ጋር አገናኝቼ በዚያው በግራ በኩል አደርጋለሁ። ስትገዙ ሁለቱን አንድ ላይ ሞክሩ፤ አንዳንድ ፓወር ባንክ መብራቷ የምትወስደው ኤሌክትሪክ ትንሽ ሲሆንበት ስልክ የተነቀለ መስሎት ራሱን ያጠፋል። ቻርጅ የሚደረጉት መብራቶች ባትሪያቸው ሲደክም ቀስ እያሉ ነው የሚደበዝዙት፣ ዓይን እየተከተለ ስለሚለምደው አይታወቅም። የእኔ ምልክት መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ነው። ያ ሲያስቸግረኝ ያን ቀን አልቋል፣ አጥፌ እነሳለሁ። ባዶ ሆነውም አታስቀምጧቸው፤ በተለይ ከባዱ፣ እርሳስ ያለበት ባትሪ ባዶውን ከከረመ አይነሳም። የእኛ ሙቀትም ይጎዳቸዋል፣ ፀሐይ የሚያገኘው መስኮት ላይ አይዋሉ።

ሻማና ኩራዝ ክር አጠገብ አታምጡ። አሁን የምንሠራበት ጨርቅ ብዙው ሠራሽ ነው፣ ሲቃጠል ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። በድሮ ጊዜ አውሮፓ ውስጥ ዳንቴል ሠሪዎች በውሃ የተሞላ ክብ ብርጭቆ ከሻማ ፊት አስቀምጠው ብርሃኑን ጨርቁ ላይ ይሰበስቡት ነበር። ለማየት ብዬ በስልኬ ባትሪ ሞከርኩት። ይሠራል! የምትበራው ቦታ ግን ከአንዲት ሳንቲም አትበልጥም፣ ሴቶቹ እንዴት እንደቻሉት እግዜር ይወቀው። መብራት ሲሄድ ደግሞ የጠረጴዛውን መብራት ከሶኬት ንቀሉት። ሲመጣ አንዳንዴ በኃይል ነው የሚመጣው፤ ጥቂት ደቂቃ ቆይታችሁ ሰኩት።

ግቢ ውስጥ መሥራት የምትወዱ ከእኔ ጋር አንድ ናችሁ። እዚያ ግን ቢጫው አምፖል ይሻላል። ነፍሳት ወደ ነጭና ሰማያዊ ብርሃን ነው አብዝተው የሚመጡት፣ ቢጫውን ብዙም አይወዱትም። እኔ ነጩን ግቢው ጥግ፣ ከእኔ ራቅ አድርጌ አበራዋለሁ፤ እነሱ እዚያ ይሰብሰቡ። ለቢንቢ ግን በአምፖል አትተማመኑ፣ እሷ የምትፈልገው እናንተን ነው። በ2014 ዓ.ም. ድሬ ላይ የወባ ወረርሽኝ ያመጣችው አኖፌሊስ ስቴፈንሳይ የምትባለው ቢንቢ ከተማ ውስጥ በርሜልና ታንከር ላይ ነው የምትራባው። እግርን የሚሸፍን ልብስ ይኑራችሁ፣ የውሃ ዕቃችሁም ይከደን።

እረፍትም አለ፣ ከመብራቱ እኩል ነው። በየ20 ደቂቃው ቀና ብላችሁ 6 ሜትር ያህል የሚርቅ ነገር ለ20 ሰከንድ እዩ። መርፌ ላይ ስናፈጥ ዓይናችንን መጨፈን እንረሳለን፤ ቬንትሌተሩም አየሩም ስለሚያደርቀው ያ አሸዋ የሚመስለው ነገር ከዚያ ነው የሚመጣው። ቬንትሌተሩን ፊታችሁ ላይ አታዙሩት፣ ወደ እግራችሁ ይንፈስ። እኔ ክር በጨረስኩ ቁጥር ቀና እላለሁ፣ ሰዓት መቁጠር አያስፈልገኝም። ለዚሁ ብዬ ክሩን አጠር አድርጌ ነው የምቆርጠው፤ አጭር ክር ደግሞ አይቋጠርም።

ዙሪያውን መብራት ያለው፣ መሐሉ አጉሊ መነጽር የሆነውን ዕቃ ብዙዎቻችሁ አይታችሁታል። ለደቃቅ ሥራ ጥሩ ነው፣ እህቴ ልካልኝ አለኝ። ረጅም ሰዓት ግን አይሠራበትም፤ ጭንቅላት ትንሽ ሲነቃነቅ ጨርቁ አብሮ ስለሚዋኝ ያዞራል። ለመርፌ ቀዳዳና ስሕተት ለመፍታት ብቻ ተጠቀሙበት። እና እባካችሁ፣ ጠዋት ፀሐይ በምትገባበት መስኮት አጠገብ ሌንሱን ክፍቱን ትታችሁ አትውጡ። የድሬ ፀሐይ በሌንስ ተሰብስባ ጨርቅ ላይ ካረፈች እሳት ናት። የእኔው ክዳን ስለሌለው እንደ ካልሲ ያለ ማልበሻ በዳንቴል ሠርቼለታለሁ፤ ስጨርስ መጀመሪያ እሱን አለብሰዋለሁ፣ ከዚያ ነው መርፌዬን የምሰበስበው።